ራሴን ያስገዘትኩበት ረግረግ

ሰው ቁልፉን ረስቶ ከቤቱ ውጭ ይቀራል፤ ያጋጥማል። ሚስቱ ተቆጥታ በሩን የምትዘጋበትም አለ፤ እሱም ያጋጥማል። በርና አጥር በሌለው፣ ዘበኛም ባልተቀጠረበት ገላጣ ሜዳ ላይ ራሱን ቆልፎ ውጭ የቀረ ሰው ግን ከእኔ ሌላ ካለ ይምጣና እንተዋወቅ። ሻዩን እኔ እጋብዛለሁ።

ብቸና ውስጥ የምሠራ የተፈጥሮ ሀብት ባለሙያ ነኝ። «ባለሙያ» የምትለዋን ቃል ያዙልኝ፤ ኋላ ላይ እኔኑ ትይዘኛለች። ከከተማዋ ወጣ ብሎ አንድ ወንዝ አለ። ስሙን አልነግራችሁም፤ ግልብጥ ብላችሁ ትመጡና አያ ፈንቴ እኔን ይቆጡኛል። ይህ ወንዝ ድሮ ክረምት ሲገባ ሞልቶ ሜዳው ላይ ይተኛ ነበር። ሽማግሌዎች እንደሚያወሩት ዝዩም፣ ዳክዬውም፣ ያ እግሩ ረጅሙ ወፍም እዚያ ነበር የሚከርመው። በኋላ ግን ውኃው ሥራ ፈቶ መተኛቱ ሰውን አስቀናው መሰለኝ፣ ቦይ ቆፈሩለት። ውኃው በቦዩ ሄደ። በደረቀው መሬት ላይ ባሕር ዛፍ ተተከለ። ባሕር ዛፍን ደግሞ ታውቁታላችሁ፤ እንደ ሠርግ ቤት እንግዳ ነው፣ የቀረበለትን ጨርሶ የጎረቤቱን ብርሌ ያያል። ምንጩ ደረቀ፤ ወፎቹም ሄዱ።

የእኛ መሥሪያ ቤት ሥራ ይህን መመለስ ነበር። ቦዩን ደፈንን፣ ባሕር ዛፉን ነቀልን፣ ውኃውን «ተመለስ፣ አጥፍተናል» አልነው። በዚያ ላይ የከተማው ሰው ቅዳሜና እሑድ እየመጣ ወፍ እያየ እንዲዝናና ከዳር እስከ መሀል የሚዘልቅ የእንጨት መተላለፊያ አሠራን። መተላለፊያው የእኔ ሐሳብ ነው። መጨረሻው ላይ አንድ አግዳሚ ወንበር አለው። ያን ወንበር አናጺው ሳይጀምረው በፊት እኔ በሐሳቤ ተቀምጬበት ነበር። ስብሰባ ሲረዝምብኝ ዓይኔን ከድኜ እግሬን ከውኃው በላይ አወዛውዝ ነበር። ለዚሁ ብዬ አዲስ ቦት ጫማ ገዛሁ።

ገበሬዎቹ ግጦሻቸውን የለቀቁት በስምምነት ነው። ስምምነቱም በቃለ ጉባኤ ሰፈረ። ክረምቱ ሳይወጣ ከክልል ቡድን መጥቶ ያያል፤ ወፍ ተመልሶ፣ ሰውም ሲዝናናበት ካገኘ ሜዳው ረግረግ ሆኖ ይቀራል። ከሁለቱ አንዱ ከጎደለ ግን ቦዩ ይከፈታል፣ ባሕር ዛፉም ይመለሳል። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። ወረቀቱ መዝገብ ቤት አለ፤ ሞኙ ይኸው እያወራችሁ ነው።

አሁን አያ ፈንቴን ላስተዋውቃችሁ። ስድሳን ያለፉ፣ ቀጭን፣ ዱላቸው ከቁመታቸው የሚበልጥ ገበሬ ናቸው። ከተነቀለው ባሕር ዛፍ የሚበዛው የሳቸው ነበር። ስብሰባው ላይ እጃቸውን አውጥተው ተስማምተዋል፤ ግን እጅ አወጣጣቸው ዝንብ የሚያባርሩ ያስመስላቸው ነበር።

መተዳደሪያ ደንብ አወጣን። «ከብት አይገባም» አልን። በማግሥቱ የአያ ፈንቴ በጎች ገቡ። «በግና በሬ አንድ ነው እንዴ?» አሉኝ። ደንቡን አሻሽለን «ማንኛውም እንስሳ አይገባም» አልን። ራሳቸው ማጭድ ይዘው ገቡና ሣሩን ያጭዱት ጀመር። ስናገራቸው «እንስሳ ነዎት ልትለኝ ነው?» ብለው ለሽማግሌ ሊከሱኝ ደረሱ። እንደገና አሻሽለን «ሰውም እንስሳም አይገባም» ስንል፣ በቅሏቸው ላይ ተቀምጠው መሀል ሜዳ ላይ አገኘኋቸው።

«አያ ፈንቴ፣ ይሄስ ምንድን ነው?»

«እኔ መች ገባሁ? የገባችው በቅሎዋ ናት። እኔ ከላይ ነኝ።»

«በቅሎዋስ ቢሆን?»

«እሷማ ምን ታርግ፣ ደንብህን አላነበበች።»

በዚህ ጊዜ ነው ብልጠት የመጣልኝ። የእኔ ብልጠት እንደ ዘመድ ናት፤ ስትመጣ ዕቃ ይሰበራል። በቀጥታ ወደ መምሬ ጥሩነህ ቤት ሄድኩ። መምሬ የአጥቢያው አዛውንት ቄስ ናቸው። ቢሮው ማኅተም መትቶ ያላቆመውን ጠብ «ተዉ» ብለው ሲያቆሙ በዓይኔ አይቻለሁ።

«አባቴ፣ ግዝት ፈልጌ ነው የመጣሁ» አልኳቸው። ቄስ በእግዚአብሔር ስም «ይህን ያደረገ የተለየ ይሁን» ብሎ ሲገዝት፣ በእኛ አገር ፖሊስ የማይፈራ ሰው እንኳ እግሩን ይሰበስባል።

መምሬ ጺማቸውን ዳሰሱ። «ልጄ፣ ግዝት እንደ አጥር ነው። አጥር ደግሞ በር ይፈልጋል። ለማን በር ልተው?»

«ለማንም!»

«ለአንተስ?»

«‹ከባለሙያ በስተቀር› ካልን አያ ፈንቴ ነገ ባለሙያ ሆነው ይመጣሉ።»

«እንግዲህ ሦስት ጊዜ መጠየቅ ወግ ነው። ለሚሠራውም፣ ለሚያየውም በር አልተው?»

«ይዝጉት አባቴ! ጥርቅም አድርገው ይዝጉት!»

ቃሉንም እኔው ጽፌ ሰጠኋቸው። ሦስት ጊዜ በደንቡ ቀዳዳ ያመለጡኝን ሽማግሌ እያሰብኩ፣ አንዲት ቀዳዳ ሳላስቀር ጻፍኩት። ሰኔ በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ በኋላ፣ መምሬ መስቀላቸውን ይዘው ዐውደ ምሕረቱ ላይ ቆሙ። «የወሰን ድንጋይ ከተተከለበት ወዲያ፣ ሰው ቢሆን እንስሳ፣ ገበሬ ቢሆን ባለሙያ፣ በእግሩ ቢሆን በበቅሎ፣ ለሥራ ቢሆን ለጨዋታ፣ የገባም ያስገባም፣ እኔ መጥቼ ዳሩ ላይ ቆሜ እስክፈታ ድረስ ውግዝ ከመ አርዮስ!» አሉ። ሕዝቡ «አሜን» አለ። ከሁሉ አስበልጦ የጮኸው እኔ ነበርኩ።

ሰኞ ጠዋት አዲሱን ቦት ጫማዬን አጥልቄ ወረድኩ። የመተላለፊያው የመጨረሻዎቹ ጣውላዎች ተደርድረዋል እንጂ ሚስማር አልተመታባቸውም ነበር። አናጺው መዶሻውን ጭኑ ላይ አድርጎ ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ተቀምጧል።

«ምነው አትጀምርም?»

«ግዝት ነው ጌታዬ።»

«እኔ እኮ ነኝ ያስገዘትኩት!»

«ታዲያ እርስዎ ቀድመው ይግቡና ልይ» አለኝ።

እግሬን አነሳሁ። እውነቴን ነው፣ አነሳሁ። እግሬ አየር ላይ ሳለች ከበስተጀርባዬ «ግባ! ግባ እንጂ!» የሚል ድምፅ መጣ። አያ ፈንቴ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው፣ አገጫቸውን ዱላቸው ላይ አስደግፈዋል። «ምን ያስፈራሃል? አርዮስ ብቻውን ነው፣ ጓደኛ ይፈልጋል።»

እግሬን መልሼ አስቀመጥኳት። ከቦታዋ ትንሽ ራቅ አድርጌ።

ወደ መምሬ ቤት ሮጥኩ። መምሬ የሉም። ሞጣ ያለችው ልጃቸው ልትወልድ ነው ተብለው በማለዳው መኪና ሄደዋል። «ግድ የለም፣ ወልዳ ስትጨርስ ይመለሳሉ» አልኩ። በዚያው ሳምንት ወለደች። ሴት ልጅ! ደስ አይልም? ለእኔ ግን፣ ወንድ ቢሆን ክርስትና የሚነሣው በአርባ ቀኑ ነበር፤ ሴት ስለሆነች ሰማንያ ቀን ነው። መምሬም «የልጅ ልጄን ክርስትና ሳላነሣ ንቅንቅ አልልም» አሉ። በልጃቸው ስልክ አስጠርቼ «አባቴ፣ በስልክ ይፍቱኝ» ብዬ ለመንኳቸው።

«ግዝት በስልክ የሚፈታ ቢሆን በስልክ ይታሰር ነበር» ብለው ዘጉት።

ሌሎች ቀሳውስት ዘንድ ሄድኩ። «ያሰረ ይፍታ፤ የሰው ግዝት አንነካም» አሉ። ከወሎ ተመድቦ የመጣ ሰይድ የሚባል የሥራ ባልደረባ አለኝ። «ሰይድ ወንድሜ፣ አንተ ሙስሊም ነህ፣ የመምሬ ግዝት አይዝህም። ግባና ሚስማሩን አስመታልኝ» አልኩት። ሰይድ ከት ብሎ ሳቀ። «መምሬን አይደለም የምፈራ፣ አከራዬን ነው። ግዝት የጣሰ ሰው እቤቷ አታስገባም። ሻንጣዬን አንተ ታስቀምጥልኛለህ?» አለኝ። የእኔን አከራይ አሰብኩና ልመናዬን ተውኩ።

ሐምሌ ገባ። ወንዙ ሞላ፤ ሜዳው ላይ ተኛ። መሀሉ ላይ የተከልነው የውኃ መለኪያ እንጨት አለ። አለቃዬ በየሳምንቱ «ውኃው ስንት ደረሰ?» ይሉኛል። እኔ ከዳር ቆሜ «ጥሩ ደርሷል» እላለሁ። «ጥሩ ስንት ነው?» ይሉኛል። ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ አንድ ትልቅ ሾላ አለ፤ ቅርንጫፉ ወደ ረግረጉ ይዘልቃል። አንድ የገበያ ቀን ቦት ጫማዬን አውልቄ ወጣሁበት። በሆዴ እየተሳብኩ ቅርንጫፉ ጫፍ ደረስኩ። ቁጥሩን ላነብ ስል ቅርንጫፉ ቀጭ አለ። ተጠመጠምኩበት።

ከገበያ የሚመለስ ሰው ሁሉ ቆመ። ከታች ክርክር ተነሣ። አንዱ «አሁን ገብቷል ነው የሚባል ወይስ አልገባም?» ይላል። ሌላው «መሬቱ እንጂ ሰማዩ መች ተገዘተ» ይላል። አንዲት ሴትዮ «ቢወድቅስ?» አሉ። «ቢወድቅማ ገባ» ተባለ። የእኔ ስብራት የማንም ጭንቀት አልነበረም። በመጨረሻ ሁሉም ወደ አያ ፈንቴ ዞሩ፤ በቀዳዳ ነገር ከሳቸው በላይ አዋቂ የለምና።

አያ ፈንቴ ቀና ብለው መረመሩኝ። «‹በእግሩ ቢሆን በበቅሎ› ነው የተባለ። በሆዱ አልተባለም። እስካልወደቀ ድረስ ነጻ ነው» ብለው ፈረዱ። «ወድቆ ሲገባ ሳላይ ግን እኔም ዛሬ ወደ እራቴ አልሄድም።»

ወደ ኋላ እየተሳብኩ ለመውረድ እስኪመሽ ድረስ ፈጀብኝ። ከታች አንዲት ዝይ ከሣሩ ውስጥ አንገቷን አውጥታ ታየኝ ነበር። አፈርኩ። ዝይ ፊት ያፈረ ሰው ታውቃላችሁ?

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሰው መምጣት ለመደ። «ዛሬ ይወጣል?» እያሉ ይጠይቃሉ። ባልወጣም ያው መጥተዋልና ነጠላቸውን አንጥፈው ከወሰኑ ድንጋይ ወዲህ ባለችው ዳገት ላይ ይቀመጣሉ። እኔን ሲሰለቹ ወፎቹን ያያሉ። የበቆሎ እሸት ሲደርስ አንዲት ሴት ከሰል ይዛ መጥታ ጥብስ ትሸጥ ጀመር። አያ ፈንቴ ደግሞ ወንጭፍ ይዘው መምጣት ጀመሩ። ለእኔ መስሎኝ ራስ ቁር አምሮኝ ነበር። አንድ ቀን ድንጋዩ በጆሮዬ ሥር ፉጭ ብሎ አለፈ። ዞር ስል አንድ ውሻ ከሣሩ ዳር እያለከለከ ሲሸሽ አየሁ።

«ውሻም ተገዝቷል እንዴ?» አልኩ።

«‹ሰው ቢሆን እንስሳ› ብለህ የጻፍክ አንተ አይደለህ?» አሉኝና ወንጭፋቸውን ጠቀለሉ። አያ ፈንቴ ግዝቱን የሚጠብቁት እኔ ከሽፌ ባሕር ዛፋቸው እንዲመለስላቸው ነው ብዬ ስለማስብ፣ ነገሬ አላልኩትም።

ነሐሴ መገባደጃ ላይ ደብዳቤው መጣ። ቡድኑ ዓርብ ይደርሳል። ሚስማር ያልተመታበት፣ ሰው ያልረገጠው መተላለፊያ ይዤ «ሕዝቡ ይዝናናበታል» ልላቸው ነው። የመምሬ የልጅ ልጅ ሰማንያኛ ቀን ደግሞ ሐሙስ ይውላል። ረቡዕ ጠዋት ወደ ሞጣ ተሳፈርኩ። አጠገቤ የተቀመጡ ሴትዮ «ለምን ጉዳይ ነው?» አሉኝ፤ ነገርኳቸው። ደብረ ወርቅ ሳንደርስ መኪናው በሙሉ ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ግማሹ «በሩን ጠይቀውት እምቢ አለ፣ የእጁን ነው ያገኘ» ይላል። ሌላው ግማሽ ደግሞ ይስቃል። ከእኔ ጎን የቆመ አንድም አልነበረም፤ ሾፌሩ እንኳ በመስታወት እያየኝ ራሱን ይነቀንቅ ነበር።

ሞጣ ደርሼ ቤቱን አገኘሁት። መምሬ ሲያዩኝ ደስ አላቸው። «በደህና ጊዜ መጣህ! እንጨት ፈላጭ ጠፍቶብን ነበር» አሉኝ። የሰው ድግስ ላይ ደርሶ ቆሞ የሚያይ የለም፤ ረቡዕን እንጨት ፈለጥኩ፣ ሐሙስን ድንኳን ተከልኩ፣ ወጥ አቀበልኩ። ሕፃኗን አቀፍኳት። ፊቴን አይታ ጮኸች። እሷም ሰምታለች አልኩ።

ዓርብ በማለዳ ተሳፈርን። ደብረ ወርቅ ስንደርስ ግን ሌላ ፈተና ገጠመን። መምሬ ቅኔ የተማሩት እዚያ ስለሆነ የማያውቃቸው ሰው የለም። መኪናው ለአፍታ ቆመና ወረዱ፤ ጉልበት የሚስመው፣ መስቀል የሚሳለመው፣ የሞተ የሚያረዳው ሁሉ ከበባቸው። «አባቴ፣ እንግዶቹ!» እላለሁ። «እነዚህስ እንግዳ አይደሉም?» ይሉኛል። መኪናው ጥሎን ሄደ። ሌላ ጠብቀን ብቸና ስንገባ ቀኑ ተጋምሷል።

መምሬን ከኋላዬ አስከትዬ ረግረጉ ጋ እየሮጥኩ ደረስኩ። የቡድኑ መሪ ቆፍጠን ያሉ ሴትዮ ናቸው፤ ቦት ጫማ አድርገው የወሰኑ ድንጋይ አጠገብ ቆመዋል። ፊት ለፊታቸው አያ ፈንቴ ዱላቸውን በሁለት እጅ አጋድመው መንገዱን ዘግተዋል።

«እሜቴ፣ በእግዜር! ግዝት ነው!»

«እኔ ከክልል ነኝ!»

«አርዮስም ከትልቅ አገር ነበር አሉ።»

«መምሬ መጥተዋል!» ብዬ ጮኽኩ። «ይፍቱልን አባቴ! ቶሎ ይፍቱልን!»

መምሬ መስቀላቸውን ከደረታቸው አወጡ። ዳሩ ላይ ቆሙ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ። «ያስገዘትህ አንተ ነህ። አንተ ካላልከኝ አልፈታም። ልፍታው?»

«ይፍቱት» ልል አፌን ከፈትኩ። ያን ጊዜ ዝይዋ ከወንበሬ ሥር ወጣች። የእኔ ወንበር፣ ያ እግሬን ላወዛውዝበት የነበረው! ጎጆዋን ከሥሩ ሠርታለች። ከኋላዋ ጫጩቶቿ ተከትለው ሚስማር ባልተመታባቸው ጣውላዎች ላይ እየተንገዳገዱ ሄዱ፤ አንድ በአንድም ውኃው ውስጥ ገቡ። ከዳር እስከ ዳር ሣሩ ውስጥ የክንፍ ድምፅ ነበር። እኔ ሰማንያ ቀን ሙሉ ወንበሬን ስመኝ ይህን ሁሉ አላየሁትም።

አያ ፈንቴ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉ። «ሰባት ነበሩ። አንዷን ጭልፊት ወሰደብኝ። ወንጭፌ አልደረሰላትም» አሉ። ዱላቸውን አውርደውም መሬት መሬት ያዩ ጀመር።

ሴትዮዋ ማስታወሻቸውን አወጡ። «ወፉን አይቻለሁ። ግን ቃለ ጉባኤው መዝናናትም ይላል። ሰው የማይገባበት መዝናኛ የት አገር አለ?»

ግዝቱ ከተፈታ ሁላችንም በቦት ጫማ እንገባለን፤ ዝይዋ ትሄዳለች። ካልተፈታ መዝናናቱ የለም፤ ሜዳው ይሄዳል። የባሕር ዛፉ ባለቤት አሁን አንዲት ቃል ቢናገሩ ነገሬ አለቀ።

አያ ፈንቴ ተናገሩ። «እሜቴ፣ እስኪ ወደኋላዎ ዞር ይበሉ።»

ዞሩ፤ እኛም ዞርን። ዳገቷ ላይ ከተማው ተቀምጧል። ነጠላ ተነጥፏል፣ በቆሎ ይጠበሳል፣ አከራዬ ሳትቀር አለች። ሰይድ እሸት እየጋጠ እጁን አነሣልኝ።

«ምን እያዩ ነው?» አሉ ሴትዮዋ።

«ሲመጡ እሱን ነበር» አሉ አያ ፈንቴ፣ በዱላቸው እኔን እያመለከቱ። «ሾላው ላይ ሲንጠለጠል ያዩታል። አሁን አሁን ግን እሱንም ትተውታል፤ ዝይዋን ነው የሚያዩ።»

«እርስዎስ መሬቱ እንዲመለስልዎ አይፈልጉም?»

አያ ፈንቴ «ባሕር ዛፍ ቁጭ ብለው ቢያዩት ምን ያሳያል?» አሉ።

ሴትዮዋ ሳቁ፤ ጻፉም። መምሬ ግን መስቀላቸውን እንደያዙ እኔን ይጠብቃሉ። «ልፍታው ወይ ልጄ? እንደ ወጉ ሦስት ጊዜ ልጠይቅህ?»

«አንዴ ይበቃል አባቴ» አልኩ። «አይፍቱት።»

ዓይኔ ውኃ ሞልቶ ነበር። ለወንበሬ ነው ብላችሁ ብትስቁም አልቀየማችሁም፤ በከፊል ለሱም ነው።

ረግረጉ ረግረግ ሆኖ ቀረ። ግዝቱም እንደታሰረ ነው። ቦት ጫማዬን አያ ፈንቴ «አንተ የት ትገባበታለህ?» ብለው ወስደውታል። መስከረም ላይ ወንዙ ለመጨረሻ ጊዜ ሲሞላ ሚስማር ያልተመታባቸው ጣውላዎች አንድ በአንድ እየተነሡ፣ ቀስ እያሉ ተንሳፍፈው ከወሰኑ ድንጋይ አጠገብ እግራችን ሥር ደረሱ። አያ ፈንቴ ግራና ቀኝ አይተው «መግባት እንጂ መውጣት አልተገዘተም» ብለው ፈረዱ። እስካሁን አራት ጣውላ ደርሶናል። በድንጋይ ላይ አጋድመናቸው ማታ ማታ ከሥራ ስወጣ ጎን ለጎን እንቀመጥባቸዋለን። ትናንት ዓይኔ አሁንም ያን ወንበር ሲፈልግ አዩብኝ መሰለኝ፣ በዱላቸው ጉልበቴን መታ አደረጉኝ።

«ዝም ብለህ ጠብቅ» አሉኝ። «ዝይዋ ስትጨርስ እሱም ይመጣል።»